ያልጸና ድል፦ የደብረ ታቦር ጦርነትና የዘመነ መሳፍንት የጦር ቀውስ

ከ1761 እስከ 1847 ዓ.ም ባሉት 86 ዓመታት ንጉሠ ነገሥቱ በጎንደር ዘውድ ደፍቶ ይቀመጥ እንጂ አገሩን የሚገዙት የየአውራጃው የጦር አለቆች ነበሩ። ዘመነ መሳፍንት የሚባለው ይህ ጊዜ በልማድ የሚተረከው በሁለት መንገድ ነው፤ አንዱ የጦር ሜዳና የጀግና ስም ዝርዝር ሲሆን ሌላው የወገንና የጎሣ ጠብ ታሪክ ነው። ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ ሳይነኩት ያልፋሉ። በዚያ ዘመን ድል ያላደረገ ታላቅ መስፍን የለም። ሚካኤል ስሑል ድል አድርጓል፤ የየጁ ራሶች ድል አድርገዋል፤ ውቤም አድርጓል። ከእነዚህ ድሎች ግን አንዱም አገሩን አላረጋጋም። ምክንያቱን ለማግኘት ሠራዊቱ ምን ይበላ፣ ለማን ይታዘዝ፣ ካሸነፈ በኋላስ ምን ያደርግ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል። ይህን በ1834 ዓ.ም እንደተደረገው የደብረ ታቦር ጦርነት አጉልቶ የሚያሳይ ሌላ ውጊያ የለም።

የማዕከላዊው መንግሥት መላላት ግልጽ የሆነው ዳግማዊ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም ከሞተ በኋላ ነው። ዙፋኑን የወረሰው ልጁ ኢዮአስ ሕፃን ስለነበረ አያቱ እቴጌ ምንትዋብ በልጇ ዘመን የያዘችውን ሞግዚትነት ቀጠለችበት። በእሷ ዙሪያ የቋራ ዘመዶቿ ነበሩ፤ በንጉሡ እናት በውቢት በኩል ደግሞ የወሎ ኦሮሞ ዘመዶቹ ወደ ቤተ መንግሥቱ ገቡ። ሁለቱ ወገኖች ሹመቱንና ጦሩን ይሻሙ ጀመር። በመካከል ሚዛን ጠብቆ የቆየው ራስ ወልደ ልዑል ሲሞት የሚያስማማ ሰው ጠፋና የትግራዩ ገዥ ሚካኤል ስሑል ከነሠራዊቱ ወደ ጎንደር ተጠራ።

ሚካኤል በዕድሜ የገፋ ሰው ነበር፤ ይዞት የመጣው ኃይል ግን አዲስ ነው። ከምጽዋ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው መንገድ በግዛቱ ስለሚያልፍ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ነፍጥ አስቀድሞ የሚደርሰው ለእሱ ነበር። ከአፋር ሜዳ የሚወጣው አሞሌ ጨውም በእሱ አገር ስለሚያልፍ ነፍጡን የሚገዛበት ሀብት አላጣም። ንጉሡ ፈራው፤ በድብቅም የዳሞቱን ፋሲልን ረዳ። ሚካኤል በአዘዞ አቅራቢያ ፋሲልን ካሸነፈ በኋላ በግንቦት 1761 ዓ.ም ኢዮአስን አስገደለ። ከዚያ በፊትም በጎንደር ነገሥታት ተገድለዋል። ከአውራጃ የመጣ የጦር አለቃ በነፍጡ ኃይል ንጉሥ ገድሎ በምትኩ የፈቀደውን ሲያነግሥ ግን ያኔ የመጀመሪያው ነበር። ያነገሠው ሽማግሌው ዳግማዊ ዮሐንስ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመርዞ ሞተ፤ ልጁ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖትም ተተካ። በአንድ ዓመት ውስጥ ጎንደር ሦስት ነገሥታት አየች።

ይሁን እንጂ ሚካኤል ራሱ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው የቆየው። የበጌምድሩ ወንድ በወሰንና ሌሎች መሳፍንት ተባብረው ተነሡበት፤ በግንቦት 1763 ዓ.ም ሰርባ ኩሳ በተባለው ስፍራ ሦስት ጊዜ ተዋጉት። በ1762 ዓ.ም ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ይህን ጦርነት በቅርብ አይቶ ጽፎታል። ሚካኤል ወደ ጎንደር አፈግፍጎ እጁን ሰጠ። በቁጥር የበለጠ ነፍጥ ነበረው፤ ከትግራይ ርቆ በጠላት አገር የሠፈረ ሠራዊት ግን ስንቁ የሚያልቅበት፣ መመለሻ መንገዱም የሚዘጋበት ቀን እንደሚመጣ ታየ። ይህ ችግር ከእሱ በኋላ የመጡትን ሁሉ ተከተላቸው።

ከሚካኤል ውድቀት በኋላ ከ10 ዓመት በላይ ማንም አልበረታም። በ1776 ዓ.ም የየጁው ዓሊ ጓንጉል የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነ፤ ቤተሰቡም ለ70 ዓመት ያህል ይህን ሥልጣን ይዞ ቆየ። የየጁ ቤት ከኦሮሞ የሚወለድና በእስልምና የኖረ ሲሆን ሥልጣኑን የያዘው ክርስትናን ተቀብሎ ነው። ከሁሉም ረጅም ዘመን የገዛው ራስ ጉግሣ መርሶ ነበር፤ እስከ 1817 ዓ.ም ድረስ 26 ዓመት ያህል ቆየ። መቀመጫውን ከጎንደር ወደ ደብረ ታቦር ያዛወረውም እሱ ነው። ቦታው ከፍ ያለና ለበጌምድር ሜዳ ቅርብ ሲሆን ወደ ወሎና የጁ የሚወስደውንም መንገድ ይቆጣጠራል። የየጁ ራሶች ኃይል ፈረሰኛው ነበረ፤ ፈረሰኛ ደግሞ ሣርና ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል። ደብረ ታቦር ከተማ ከመሆኗ በፊት ሠፈር ነበረች ማለት ይቻላል።

የጎንደር ዘውድ በዚህ መካከል ባዶ ቀረ። ተክለ ጊዮርጊስ ቀዳማዊ በ20 ዓመት ውስጥ ስድስት ጊዜ ነግሦ ስድስት ጊዜ ወረደ፤ በታሪክም ፍጻሜ መንግሥት ተብሎ ቀረ። ከእሱ በኋላ የነገሡት የየጁውን ራስ ፈቃድ ሳያገኙ ደጃቸውን እንኳ የማይወጡ ነበሩ። የየጁው ራስ ዳግማዊ ዓሊ እናት መነን ሊበን ዮሐንስ ሣልሳዊን አግብታ እቴጌ ተባለች፤ ባሏን ያነገሠው የልጇ ኃይል ነበረ። ሆኖም ከየጁ ራሶች አንዱም ራሱን ንጉሠ ነገሥት አላለም። ዘውዱ ለሰሎሞን ዘር ብቻ ነው የሚለው እምነት በቀሳውስቱም በባላገሩም ዘንድ ጽኑ ስለነበር ጉልበት ያለው ሰው ሕጋዊነት አልነበረውም፤ ሕጋዊነት ያለው ደግሞ ጉልበት አልነበረውም። ስለዚህ ማንኛውም ደጃዝማች በእንደራሴው ላይ ሲነሣ በንጉሡ ላይ አላመፅሁም ለማለት ይችል ነበር። አመፁን ነውር የሚያደርግ ሥልጣን አልነበረም።

ሃይማኖቱም እንዲሁ ተከፍሎ ነበር። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተነሣው ክርክር ካህናቱን በካራ፣ በጸጋና በቅባት ለይቶ ትግራይ በአብዛኛው ወደ ካራ፣ ጎጃም ወደ ቅባት፣ ሸዋና ከጎንደር ካህናት ብዙዎቹ ወደ ጸጋ አዘነበሉ። ክርክሩ የነገረ መለኮት ብቻ ቢሆን ኖሮ በጉባኤ ይፈታ ነበር። መሳፍንቱ ግን እያንዳንዳቸው አንዱን ወገን ይዘው የካህናቱን ግዝት እንደ ሌላ ጦር ተጠቀሙበት።

የሠራዊቱ አኗኗር ከዚህ ሁሉ የከበደ ነገር ነበር። በዚያ ዘመን ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። መስፍኑ ለታላላቅ አለቆቹ አገር ይሾማቸዋል፤ እነሱም ከተሾሙበት አገር ግብርና ድርጎ እየበሉ የራሳቸውን ጭፍራ ያኖራሉ። ተራው ወታደር በየገበሬው ቤት ተደልድሎ የገበሬውን እህል ይበላል፤ በቅሎውን የሚቀልበው፣ እንጀራውን የምትጋግርለት፣ ማር ወይም ጠላ የሚያቀርብለት ያው ቤተሰብ ነው። ሠራዊቱ በዘመቻ ሲነሣ ከተዋጊው ቁጥር የማያንስ ሰው ይከተለዋል፤ እህል የሚፈጩ ሴቶች፣ ጠጅ ጣዮች፣ ጋሻ ጃግሬዎች፣ አጋሰስ ነጂዎችና ሕፃናት። ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚበላው በደረሰበት ያገኘውን ነው። መስቀል ካለፈና አዝመራው መድረስ ከጀመረ በኋላ ዘመቻ ይወጣል፤ የአንዱ ወረዳ ጎተራ ሲራቆት ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ክረምት ሲገባ ይበተናል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ አንድ ገዥ ኃይሉን በጨመረ ቁጥር የቆመበትን መሬት ይበላል። ብዙ ወታደር ለማኖር ብዙ አገር ያስፈልጋል፤ ብዙ አገር ለመያዝም እንደገና ብዙ ወታደር። በጌምድር ለየጁ ራሶች የኃይላቸው ምንጭ ነበረች፤ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ የተራቆተችውም እሷ ነች። ገበሬው ያመረተውን ሁሉ እንደሚነጠቅ ሲያውቅ አርሶ ከመራብ ይልቅ ጋሻ አንሥቶ ከአንዱ አለቃ ማደርን ይመርጣል፤ ወይም ይሸፍታል። በዚህ መንገድ እህል የሚያመርተው ሰው ቁጥር ሲያንስ እህል የሚበላው ሠራዊት ቁጥር ይጨምራል። ዘመኑን ያራዘመው የመሳፍንቱ ክፋት ብቻ አይደለም፤ ይህ የማይቆም ዑደት ነው።

ሁለተኛው የታዛዥነት ነገር ነው። ወታደሩ የሚያውቀው የሚያበላውን የቅርብ ጌታውን እንጂ እንደራሴውን ወይም ንጉሡን አይደለም። ጌታው ከአንዱ መስፍን ወደ ሌላው ሲያድር ጭፍራው ሁሉ አብሮ ያድራል። ውጊያ ላይ ደግሞ ዋናው አለቃ ከወደቀ ወይም ከሸሸ የሠራዊቱ አንድነት በዚያው ሰዓት ያበቃል፤ ሺህ ሰው ሳይሞት ትልቅ ሠራዊት ይበተናል። ያሸነፈው ወገንም በዚያው ቅጽበት ይበተናል። ወታደር የሚዘምተው ለምርኮ ስለሆነ ጠላት ጀርባውን ሲሰጥ ፈረስ ለመያዝ፣ ነፍጥ ለመግፈፍ፣ የተሸናፊውን ሠፈር ለመዝረፍ በየአቅጣጫው ይሮጣል። ስለዚህ ለአንድ መስፍን ከሽንፈቱ ሰዓት ቀጥሎ አደገኛው ሰዓት ያሸነፈበት ሰዓት ነበር።

የደብረ ዓባይ ውጊያ የዚህ ምልክት ነበር። የአጋሜው ደጃዝማች ሰባጋዲስ ትግራይን ይዞ ነፍጥ በማከማቸት ላይ ነበር፤ በ1819 ዓ.ም ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጆርጅ 4ኛ እርዳታ የሚጠይቅ መልእክት በዊልያም ኮፊን እጅ ልኳል። የየጁው ራስ ማርዬ ፈረሰኛውን ይዞ ተከዜን ተሻገረና በየካቲት 1823 ዓ.ም በሽሬ ደብረ ዓባይ ላይ ገጠሙ። ድሉ የየጁ ሆነ፤ ራስ ማርዬ ግን እዚያው ሞተ። የተማረከው ሰባጋዲስም በበቀል ተገደለ። የሁለቱም ወገን መሪ በአንድ ውጊያ ጠፋ። ትርፉን የወሰደው የሰሜኑ ውቤ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ትግራይን ደርቦ ያዘ። የየጁ ሥልጣን ደግሞ ዶሪ ጥቂት ጊዜ ይዞት ከሞተ በኋላ ገና ልጅ ወደነበረው ወደ ዳግማዊ ዓሊ አለፈ፤ በእሱም ስም እናቱ መነን አገር ታስተዳድር ጀመር።

ውቤ ለ10 ዓመት ያህል ለዓሊ እየገበረ ኃይሉን አደራጀ። ምጽዋ ቅርቡ ናት፤ ነፍጥ ገዛ፤ ከአውሮፓ የሚመጡ መንገደኞችን ተቀብሎ ከመንግሥቶቻቸው ጋር መላላክ ጀመረ። የጎደለው የቤተ ክርስቲያን ቡራኬ ነበር። የኢትዮጵያ የጳጳስ መንበር ከ10 ዓመት በላይ ባዶ ሆኖ ቆይቶ ስለነበር ውቤ በራሱ ገንዘብ ወደ ግብጽ መልእክተኞች ላከ። ከእነሱ ጋር ካቶሊካዊው ቄስ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ አብሮ መሄዱ በዘመኑ ያልተለመደ ነበር። በ1834 ዓ.ም መጀመሪያ አባ እንድርያስ የተባለው ወጣት ግብጻዊ አቡነ ሰላማ ተብሎ ምጽዋ ደረሰ። ውቤ አሁን ነፍጥም ጳጳስም አለው። በዚያው ዓመት የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከሰሜኑ ጦርነት ርቆ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የወዳጅነት ውል ይፈርም ነበር።

ውቤ ጊዜ አላባከነም። በዓሊ ላይ ያቀረበው ክስ ሃይማኖታዊ ነበር፤ ዓሊ ወደ እስልምና ያዘነብላል የሚለው ወሬ በየገዳሙ እንዲሰማ ተደረገ፤ ጳጳሱም ከሠራዊቱ ጋር ዘመተ። ከጎጃም ደግሞ ደጃዝማች ብሩ ጎሹ የራሱ ጠብ ስለነበረው ከውቤ ጋር ተባበረ። ሁለቱ ሠራዊቶች በበጌምድር ተገናኝተው በጥር ወር መጨረሻ ከደብረ ታቦር አጠገብ ዓሊን ገጠሙት። የትግራይና የሰሜን ባለ ነፍጥ የየጁንና የወሎን ፈረሰኛ መልሶ ሰበረ። ዓሊ ሸሸ። የየጁ ቤት በራሱ መቀመጫ በር ላይ እንዲህ ሲሸነፍ የመጀመሪያው ነበር። በዚያ ሰዓት የሆነውን ያየ ሰው ዘመኑ አበቃ፣ ውቤ ጎንደር ገብቶ የፈቀደውን ያነግሣል፣ ምናልባትም ራሱ ይነግሣል ቢል አይፈረድበትም።

የውቤ ሠራዊት ግን ለምርኮ ተበተነ። ውቤም በድንኳኑ ድሉን ያከብር ጀመር። ከዓሊ ዘመዶች አንዱ የሆነው ብሩ አሊጋዝ ሳይበተን የቀረውን ጭፍራውን ይዞ ቅርብ ነበር፤ የሠፈሩን ሁኔታ ሲረዳ በድንገት ደረሰበትና ውቤን ማረከው። አቡነ ሰላማም አብሮ ተያዘ። ዋናው አለቃ ሲያዝ ያሸነፈው ሠራዊት እንደ ተሸነፈ ሆነ፤ ብሩ ጎሹ ወደ ጎጃም አመለጠ። ሲሸሽ የነበረው ዓሊም እሱ ባልነበረበት ያሸነፉለትን አግኝቶ ወደ ደብረ ታቦር ተመለሰ። አንድ ጦርነት ሁለት አሸናፊ አገኘ፤ ሁለቱም ድላቸውን የሚያጸኑበት ኃይል አልነበራቸውም።

ከዚያ የሆነው ከውጊያው ይበልጥ ያስተምራል። ዓሊ ዋነኛ ጠላቱ በእጁ ነው፤ ሊያጠፋው ይችል ነበር። መጀመሪያ የውቤን ግዛት ለውቤ ግማሽ ወንድም ለመርሶ ሰጠ። መርሶ እናቱ የራስ ጉግሣ ልጅ ስለሆነች ለየጁ ቤት ዘመድ ነው። ነገር ግን ሰሜንንና ትግራይን ጸጥ አድርጎ የሚይዝ፣ ግብሩንም ሰብስቦ የሚልክ ሰው ከውቤ ሌላ አልተገኘም። ዓሊ ራሱ እንዳይዘምት ሠራዊቱ ተከዜን ተሻግሮ የሚበላው የለውም፤ በጌምድርን ለቆ ከሄደም ጎጃም ይነሣል። ስለዚህ ውቤ ካሣ ከፍሎ፣ እንደገና ታማኝነት ምሎ ወደ ግዛቱ ተመለሰ። አቡነ ሰላማም ተፈትቶ ጎንደር ተቀመጠ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሃይማኖት ክርክሩ ምክንያት ከጎንደር ተባርሮ ወደ ትግራይ ሄደ። ያ ሁሉ ሰው የሞተበት፣ ያ ሁሉ የበጌምድር ጎተራ የተራቆተበት ጦርነት የድንበር ድንጋይ እንኳ ሳያነቃንቅ አለፈ።

ይህን ጦርነት የክርስቲያንና የእስላም ወይም የአማራ፣ የትግሬና የኦሮሞ ጦርነት አድርጎ መተረክ ስሕተት ነው። የየጁን ቤት በዘሩ መንቀፍ ለተቃዋሚዎቹ የሚመች ቅስቀሳ ነበር፤ በሜዳው ላይ ያለው አሰላለፍ ግን ይህን አይመስልም። የዓሊ ሠራዊት የበጌምድር ሰው ሞልቶበታል። ውቤን የተካው የገዛ ወንድሙ ነው። ብሩ ጎሹ በ1834 ዓሊን ሲወጋ፣ አባቱ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ የሞተው ለዓሊ ሲዋጋ ነው። ከእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ከአስቴርና ከሚካኤል ስሑል ጋብቻ ጀምሮ መሳፍንቱ ሁሉ በአማችነት የተሳሰሩ ነበሩ፤ አንዱ የሌላው አጎት፣ አማት ወይም አማች ነው። ዝምድናው ሰላም አላመጣም፤ ጠቡም የሕዝብ ከሕዝብ ጠብ አልነበረም። በየዘመቻው ያለማቋረጥ የተጎዳው ገበሬ የየትኛውም ወገን ጭፍራ ቤቱ ሲገባ የሚያቀርበው አንድ ዓይነት እንጀራ ነው።

ይህ ዓይነቱ ቀውስ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በቻይና ዩዋን ሺካይ እ.ኤ.አ. በ1916 ሲሞት ያደራጀው ሠራዊት በአዛዦቹ መካከል ተከፋፈለ፤ እስከ 1928 ድረስም የየክፍለ ሀገሩ ጄኔራሎች ቤጂንግን እየተቀባበሉ ገዙ። እዚያም መንግሥት የሚባለው ስም በመዲናዋ ይኖራል፤ ግብሩ ግን በየጄኔራሉ እጅ ነው። በሲቹዋን ጦሩ አውራጃዎቹን ተከፋፍሎ የብዙ ዓመታት የመሬት ግብር አስቀድሞ እስከ መሰብሰብ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1924 ዉ ፔይፉ በሰሜን ከዣንግ ዙዎሊን ጋር ሲዋጋ የገዛ ጄኔራሉ ፌንግ ዩሺያንግ ፊቱን አዙሮ ቤጂንግን ያዘበት፤ በደብረ ታቦር ሜዳ የቆመ ማንኛውም ደጃዝማች ይህን ቢሰማ አይደንቀውም ነበር። የሲያትል ከተማ የሠራተኞች ጋዜጣ ጸሐፊ የነበረችው አና ሉዊዝ ስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1927 ሃንኮውና ሁናን ደርሳ የገበሬው ማኅበራት በጦር አለቆች ሲመቱ የተከተለውን ጉዳት ጽፋለች። በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ልዩነት የጊዜና የመሣሪያ ነው። የቻይና ጄኔራሎች ባቡር፣ መትረየስና የባንክ ብድር ነበራቸው፤ ቀውሱም በ12 ዓመት ውስጥ መልኩን ለወጠ። በኢትዮጵያ ማንም መስፍን ሌላውን ጨርሶ የሚያጠፋበት መሣሪያ ስላልነበረው 86 ዓመት ፈጀ።

መሳፍንቱ እርስ በርስ ሲዋጉ በምዕራብ በኩል አዲስ ኃይል ቀርቦ ነበር። የግብጹ መሐመድ ዓሊ ጦር በ1813 ዓ.ም ሱዳንን ከያዘ ወዲህ የደምቢያ ቆላ የጦር ድንበር ሆነ። የደምቢያው ደጃዝማች ክንፉ በ1829 ዓ.ም የግብጽን ጦር ድል አደረገ፤ እሱ ሲሞት ግን ግዛቱን እቴጌ መነን ወሰደችው። የክንፉ ዘመድ የቋራው ካሣ ኃይሉ በዚህ ምክንያት ሸፈተ። የካሣ ትምህርት ቤት ሽፍትነትና ድንበር ነበር። በ1839 ዓ.ም መነንን ራሷን ማረከ፤ ደምቢያን አስመልሶ ደጃዝማች ተባለ፤ አስቀድሞም የዓሊን ልጅ ተዋበችን አግብቶ ነበር። በመጋቢት 1840 ዓ.ም ግን ደባርቂ ላይ ከግብጽ ጦር ጋር ገጥሞ ተሸነፈ። በደንብ የሠለጠነና በመድፍ የታገዘ ትንሽ ጦር የጀግናን ብዛት እንደሚሰብር በዓይኑ አየ። ከመሳፍንቱ ሁሉ ይህን የተማረ እሱ ብቻ ነበር፤ ወደ መጨረሻው ድል የወሰደው መንገድ የተከፈተውም ከዚህ ሽንፈት ነው።

የቀረው በፍጥነት ሆነ። ኅዳር 19 ቀን 1845 ዓ.ም ጉር አምባ ላይ ካሣ የጎጃሙን ጎሹ ዘውዴን ድል አደረገ፤ ጎሹም ሞተ። በደብረ ታቦር ተዋግተው የነበሩት ዓሊና ውቤ በጋራ የላኩት ጦር ሚያዝያ 5 ቀን ጎርጎራ ብቸን ላይ ተሰበረ። ሰኔ 23 ቀን 1845 ዓ.ም ጎጃም ውስጥ አይሻል ላይ ዓሊ ራሱ ተሸንፎ ሸሸና የየጁ ሥልጣን አበቃ። በ1846 ዓ.ም ብሩ ጎሹ ተያዘ። የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም ደረስጌ ላይ ውቤ ተማረከ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ውቤ በጀርመናውያን ባለሙያዎች እገዛ ባሠራው በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጣው በአቡነ ሰላማ እጅ ካሣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ካሣ ከቀደሙት የተለየው በሁለት ነገር ነው። ያሸነፈውን አለቃ አገሩን መልሶ አልሰጠውም፤ አሠረው እንጂ። ዘውዱንም ለሌላ ሰው አልተወውም፤ ራሱ ደፋው።

የሠራዊቱንም ነገር ሊነካው ሞከረ። የእንግሊዙ ቆንስል ዎልተር ፕላውደን በዚያው በንግሡ ዓመት ለመንግሥቱ በጻፈው ዘገባ አዲሱ ንጉሥ ወታደሩን በደመወዝ ለማኖርና በገበሬ ቤት ማሠፈሩን ለማስቀረት እንደጀመረ ገልጿል። ይህ ከደብረ ታቦር ወዲህ ለችግሩ ሥር የቀረበ የመጀመሪያው መፍትሔ ነበር። ለደመወዙ የሚሆን ገንዘብ ግን ከየት ይምጣ? ቴዎድሮስ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሬት ዞረ፤ ካህናቱ ተቃወሙት። አውራጃዎቹ አንድ በአንድ ሲያምፁ ሠራዊቱ እንደገና ገበሬውን መብላት ጀመረ፤ የሚገዛው አገር በጠበበ መጠን በበጌምድር ላይ ያለው ሸክም ከበደ። በኅዳር 1859 ዓ.ም ጎንደርን አስዘረፈ፣ አቃጠለም፤ በጥቅምት 1860 ዓ.ም ደብረ ታቦርን አቃጥሎ መድፎቹን እያስጎተተ ወደ መቅደላ ሄደ። በሚያዝያ መቅደላ ላይ ሲሞት የተከተለው ሠራዊት ንጉሡ በነገሠ ጊዜ ከነበረው እጅግ ያነሰ ነበር።

ወታደርን ከገበሬው ቤት የማውጣቱ ነገር እንደገና በሥርዓት የተነሣው ክፉ ቀን ከሚባለው ረኃብ በኋላ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ አጋማሽ ገበሬው ከምርቱ ዐሥራት ለመንግሥት ጎተራ እንዲያገባ፣ ወታደሩም ከጎተራው እንዲቀለብ ደነገገ። አዋጁ በየአገሩ በአንድ ጊዜ አልተፈጸመም፤ በሩቅ አውራጃዎች የወታደር ድልድል ለረጅም ጊዜ ቀጥሏል። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ጎተራውን የሚሞላውና ሠራዊቱን የሚቀልበው የየአውራጃው መስፍን ሳይሆን መንግሥት መሆን እንዳለበት በሕግ ተጻፈ።